አሴምብሊን በስድስት ቁጥር መጀመር

አሴምብሊን (ለፕሮሰሰሩ ቋንቋ እጅግ የቀረበውን የፕሮግራም መጻፊያ) ተምረው የረሱ የባሕር ዳር መሐንዲሶች ሊከልሱት ሲያስቡ የኢንቴልን መመሪያ ባይከፍቱ ይሻላል፤ ገጹ በሺህ ይቆጠራል። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣው የቤት ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ግን 56 ዓይነት ትዕዛዝ፣ ኤ፣ ኤክስ እና ዋይ የሚባሉ ሦስት የሥራ ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ቁጥር መያዣዎች) እና 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው ያለው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በቃሉ ሊይዘው ይችላል።

ማሽኑን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ቫይስ የተባለው ነጻ ኢሙሌተር (ማሽኑን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም። ለመጀመሪያው ቀን አሴምብለር (የአሴምብሊን ቃላት ወደ ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም) እንኳ አይጫን። በማሽኑ የቤዚክ ቋንቋ «ፖክ» (ቁጥርን ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጥ ትዕዛዝ) ከአድራሻ 49152 ጀምሮ በተርታ 169፣ 1፣ 141፣ 32፣ 208፣ 96 አስገብቶ «ሲስ 49152» (እዚያ ያለውን ፕሮግራም አስጀምር) ማለት ነው። የስክሪኑ ጠርዝ ነጭ ይሆናል። 169 «ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ኤ ላይ ጫን»፣ 141 «ኤ ላይ ያለውን በዚህ አድራሻ አስቀምጥ»፣ 96 «ወደ ጠራህ ተመለስ» ማለት ነው። 32 እና 208 አድራሻው ናቸው፤ የአድራሻውን የታችኛውን ክፍል የያዘው ባይት ይቀድማል። 208 በ256 ተባዝቶ 32 ሲጨመርበት 53280፣ የጠርዙ ቀለም የሚቀመጥበት ቦታ ይመጣል።

ዋናው ትምህርት ሆን ብሎ ማበላሸቱ ላይ ነው። በ169 ፈንታ 165 ቢገባ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፦ ፕሮሰሰሩ 1ን እንደ ቁጥር መውሰዱን ትቶ አድራሻ 1ን ሄዶ ያነባል፤ እዚያ በተለምዶ 55 አለ፤ የቀለም ቺፑ ከዚህ ውስጥ የታችኛዎቹን አራት ቢቶች (የ0 እና 1 አሃዞች) ብቻ ስለሚያይ 7፣ ማለትም ቢጫ ይቀራል። በአሴምብለር ሲጻፍ ይኸው ስህተት የአንዲት ምልክት (የ#) መዘንጋት ነው፤ ጀማሪን ሰዓታት የሚያስለፋውም እሱ ነው። 32 እና 208 ቦታ ቢለዋወጡ ደግሞ ምንም አይታይም፤ ቁጥሩ አድራሻ 8400 ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። 96 ከተረሳ ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ ያገኘውን ሁሉ ትዕዛዝ እያደረገ ይነጉዳል። ወደ ድምር ሲደረስም ከኤዲሲ (ከመደመሪያው ትዕዛዝ) በፊት ሲኤልሲ (ከቀደመ ስሌት የተረፈውን አንድ የሚያጠፋው ትዕዛዝ) ካልገባ፣ ውጤቱ አንዳንዴ በአንድ ይበልጣል። «አንዳንዴ» መሆኑ ነው የሚያደክመው።

እውነተኛውን ማሽን ካልነካሁ የሚል ካለ፣ ለአውሮፓ የተሠራውን ይፈልግ፤ የአሜሪካው የኃይል አስማሚ ለ220 ቮልት አልተሠራም። አስማሚው ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር ይለካ፤ የ5 ቮልቱ መስመር ከ5.25 ካለፈ የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። የድሮው አስማሚ ዛሬ በትክክል ለክቶ ነገ ሊያልፍ ስለሚችል፣ አዲስ የተሠራ መግዛት ይሻላል።