ቤተ መንግሥት የሚጎበኘው አገልግል ይዞ ነው

ጎንደር ድረስ ሄዶ ፋሲል ግቢን በአንድ ሰዓት ጨርሶ የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። አስጎብኚው ከፊት ይፈጥናል፣ እንግዳው ከኋላ ይከተላል። ይሄ የፋሲል፣ ያ የኢያሱ፣ ያኛው የምንትዋብ፣ ፎቶ፣ ፎቶ፣ በቃ። ከዚያ ወደ ሆቴል፣ ምሳ። ማታ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። የማን ቤት ፊት ነው የተነሳችሁት ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልስ የለም።

ስለ ግቢው እድሳት ብዙ ተባብለናል። ግንቡ የታደሰበት ኖራ፣ ቀለሙ፣ ድሮ እንዲህ ነበር አልነበረም እያልን። ይባል፣ ጥሩ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቡን በሲሚንቶ እንደጠጋገነው፣ ያንን ለማስተካከልም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ እንደተለፋ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ አዲስ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ታደሰ እንበል። እኛ እዚያ ሄደን ምን እናደርጋለን?

መልሴ አጭር ነው። እንዋልበት። ከጓደኛ ጋር፣ ምሳ ተቋጥሮ፣ ሳይቸኩሉ።

ደግሞ የቦታው ጠባይ ራሱ ይሄ ነው። 900 ሜትር ገደማ በሚረዝመው አጥር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ሰው የበላበት፣ የጠጣበት፣ የዘፈነበት ነው። ዐፄ በካፋ (እ.ኤ.አ. 1721–1730) ያሠሩት ረጅም የግብር አዳራሽ አለ። የዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት አለ። የፈረስ ቤት፣ የአንበሳ ቤት አለ። ንጉሥ ግብር ሲያበላ እንግዳው እንደየማዕረጉ ተቀምጦ ነበር፤ ጠጁ ሲቀዳ፣ አዝማሪው ሲቀኝ፣ በር ላይ ደግሞ ባለ ጉዳይ ሲጠብቅ። ይሄን ሁሉ ባዶ ሆድ ይዞ፣ ሰዓት እያዩ፣ በሩጫ ማየት ለእኔ ነገሩን ገልብጦ መያዝ ነው።

ሲዋልበት ደግሞ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ይጀምራል። እኔና ጓደኞቼ ጠዋት ስንገባ እንደ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሮጥነው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ትልቁ እሱ ነው፣ ከሩቅ የሚጠራውም እሱ ነው። ግን ከጓደኞቼ አንዷ የኢያሱ ቤት ጋ ቆማ ቀረች። "ይሄ ለምን እንዲህ ፈረሰ?" አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በዚህች ጥያቄ አለቀ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የታላቁ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1682–1706) ቤት ጣሪያው በወርቅ፣ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ወደ ላይ ስታዩ ሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ከተማዋን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ደግሞ የቀረውን ጎዳው። በመሀል ከተማዋ ራሷ ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 ከሱዳን በመጣው ድርቡሽ። አዎ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ። እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጨቅን። አንዱ "ምክንያት ነበራቸው" ይላል፣ ሌላው "ምን ዓይነት ምክንያት ነው ቤተ ክርስቲያን የሚያስዘርፍ" ይላል። በአንድ ሰዓት ጉብኝት ለዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ ጊዜ የለም፣ እኔ ደግሞ ታሪክ የሚገባኝ ስንጨቃጨቅ ነው።

ለምሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቁስቋም ሄድን። እንደ ዋናው ግቢ ሰው አይበዛበትም። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው በካፋ ከሞቱ በኋላ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም አገር ሲያስተዳድሩ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ከግንቡ የቀረው ግድግዳ ነው። ቀይ ድንጋይ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን አሁንም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር አገልግሉን ፈታን። አገልግል የሚገርም ነገር ነው፤ አያቶቻችን ለመንገድ ሲሉ በቆዳ ለብደው የሠሩትን ዕቃ እኛ ሳሎን ውስጥ ለጌጥ ሰቅለነዋል። ውስጡ ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ለጿሚዎቹ ለብቻ ሱፍ ፍትፍት ይዘናል። ሱፍ ቀዝቅዞ የሚበላ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ቀን ከሱ የሚሻል የለም፣ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ጠላ ከሰፈሩ ገዛን።

አንድ ሽማግሌ በአጠገባችን ሲያልፉ እንደ ወጉ "አባባ፣ እንብላ" አልናቸው። "ብሉ ልጆቼ፣ አብሮ ያብላችሁ" ብለው ሊያልፉ ነበር። ጠላውን ሲያዩ ቁጭ አሉ። ዐፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው እንደወደቁ፣ አንዲት የገጠር ቆንጆ እንዳስታመመቻቸው፣ ሲድኑ እሷን እንዳገቡ፣ እሷም ምንትዋብ እንደሆነች አጫወቱን። ይሄን አፈ ታሪክ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። ግን እንደሳቸው በሽታውን፣ ሙቀቱን፣ የልጅቷን ዓይን አፋርነት ሁሉ አብረው እንደነበሩ አድርጎ የነገረኝ የለም። የበካፋን ድምፅ ሲያወጡማ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እውነት ለመናገር ግማሹን የፈጠሩት ይመስለኛል። ይፍጠሩት።

እንብላ ባንላቸው ኖሮ ያልፉ ነበር። ለዚህ ነው ምግቡ ላይ ሙጥኝ የምለው። ሆቴል ገብቶ ለሚበላ ጎብኚ የሰፈሩ ሰው ምኑም አይደለም።

"ታዲያ ቅርሱን በወጥ ልታጨማልቁት ነው?" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትክክል ነው፣ እኔም ግንብ ላይ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሳይ ያመኛል። ዘይት ድንጋይ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ የትም ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቅጥሩ ውስጥ አይበላ። ከአጥሩ ውጭ ግን ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የቆሻሻ መጣያ፣ እጅ መታጠቢያ ውሃ ይዘጋጅ። ይሄ የሚሊዮኖች ፕሮጀክት አይደለም። ዙሪያው ያሉ እናቶች ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጠላና ቡና የሚሸጡበት ቦታ በሥርዓት ይሰጣቸው። እንግዳው ግማሽ ቀን ከቆየ ሁለት ስኒ ቡና ይጠጣል፣ ልጁ ቆሎ ይላል፣ ብሩ እዚያው ሰፈር ይቀራል። በአንድ ሰዓት ዞሮ የሚሄድ ሰው የሚተወው የመግቢያ ቲኬት ብቻ ነው። የአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭት ውስጥ ሆኖ አስጎብኚው ሥራ ፈትቶ፣ ሆቴሉ ባዶ ሆኖ በከረመበት ጊዜ፣ የሚመጣውን ጥቂት ሰው ቆይ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱ ሰላም ሆኖ መሄድ የምትችሉ ከሆነ ለዚህ ዓይነት ውሎ ጥምቀትን አትምረጡ። ያኔ የፋሲል መዋኛ በሰው ይሞላል፣ ደስታው ሌላ ነው፣ ግን ተረጋግቶ መብላት የሚባል ነገር የለም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሻላል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ሣሩ አልደረቀም። ከጓደኞቻችሁ አንዱ ጿሚ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን አስቡበት። ሹራብም ያዙ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይ ስትገባ ይበርዳል።