የወሎ ሴት ሥዕል አይደለችም

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ሥነ ጥበብ በተካሄደ አንድ ስብሰባ የተነገረው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ለከተማዋ ሠዓሊዎች በጋራ መሥሪያነት ከታሰቡት ክፍሎች አንዱ ለሴቶች ተለይቶ ነበር፤ ተሰረዘ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ሁለት ምክንያት ሰጡ። አንደኛው ሴቶች ትዳር ሲይዙ ብሩሹን ስለሚጥሉት ቦታው ይባክናል የሚል ነው። ሁለተኛውን የተናገሩት ፈገግ ብለው ነው፦ «ደግሞስ የወሎ ሴት ራሷ ሥዕል አይደለችም እንዴ? ምን ብላ ትሥላለች?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ከዚሁ ከሁለተኛው ልጀምር። የወሎን ሴት ስናወድሳት ኖረናል። በአምባሰልም በባቲም የተዘፈነላት ዓይኗ፣ አንገቷና ሹሩባዋ ነው። ከሆቴል ግድግዳ እስከ ቀን መቁጠሪያ ድረስ እንስራ አዝላ፣ ጀበና ይዛ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ የማናያት የት ነው? እነዚያን ሥዕሎች የሣለው እጅ ግን የእሷ አይደለም። ሥዕል በሰቀሉት ቦታ ይሰቀላል፤ አስተያየት አይሰጥም፤ ሲያረጅ ያወርዱታል። ሴትን «ሥዕል ነሽ» ብሎ ብሩሹን ከእጇ መውሰድ ሙገሳ ሳይሆን ንጥቂያ ነው። አንዲት ሐኪም «አንቺ ራስሽ መድኃኒት ነሽ» ተብላ ከሥራዋ ብትሰናበት ያ ሁሉ ሰው ያጨበጭብ ነበር?

ወደ ትዳሩ ነገር ልምጣ። «ይጥሉታል» የሚለው ቃል በራሱ ሐሰት ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ብሩሽ የጣለች ሴት አላውቅም፤ የማውቀው ማስቀመጫ ያጣችውን ነው።

የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው። ስስ ቅብ ቀናት ይፈልጋል፤ ወፈር ያለው ሳምንታት። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ቤት ውስጥ ይገባል። ብርዱና እርጥበቱ የሥዕሉን መድረቂያ ጊዜ ያራዝመዋል። እስከዚያ ሸራው የት ይቀመጥ? ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር በሚኖሩበት፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ምድጃው ተገፋፍተው በቆሙበት አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ እርጥብ ሥዕል የሚደገፍበት ግድግዳ የለም። የዘይት ቀለም የሚቀጥንበት የተርፐንታይን ሽታ ከሕፃን ጋር አያድርም። ወንዱ ሠዓሊ ቤቱ ሲጠበው የጓደኛውን ሱቅ ጓሮ ይጠይቃል፤ ማታም አምሽቶ ይገባል፤ ማንም አይናገረውም። እሷ እንዲህ ብታደርግ ሰፈሩ ስሟን እንዴት እንደሚያነሣው ኃላፊውም ያውቁታል። «አክሪሊክ ትጠቀም፤ ቶሎ ይደርቃል» የሚልም ሰምቻለሁ። ሠዓሊ ቀለሟን መምረጥ ያለባት ሥዕሉ በሚጠይቀው ነው፤ በቤቷ ጥበት መሆን የለበትም።

ወደ ሰኞ ገበያ አቅጣጫ የምትኖር አንዲት ወዳጄ አለችኝ። በጥቅምት ወር ቤቷ ስሄድ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በነጠላ የተሸፈነ ሸራ አወጣችልኝ። ሸራ ስል አቡጀዲ ማለቴ ነው፤ ራሷ በጣውላ ክፈፍ ላይ ወጥራ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ለብጣ ያዘጋጀችው። የሣለችው ሐረጎን ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ሲወጣ። ሰማዩ ላይ ጥቃቅን ግራጫ ነጠብጣቦች አየሁ። ጉም መስሎኝ አደነቅሁ። ከከሰል ምድጃው የተነሣ አመድ ኖሯል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አርፎበት እዚያው ቀርቷል። በስተቀኝ በኩል ከታች፣ ስሟን በምትጽፍበት ጥግ፣ የትንሹ ልጇ አውራ ጣት ታትሟል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት ጠየቅኋት።

«አራት ወር» አለችኝ። «መሣሉ አይደለም እኮ፤ ማውጣትና መመለሱ ነው።»

ይህች ሴት ነገ ቢደክማት «ትዳር አስጣላት» ተብሎ ሊጻፍባት ነው። ባሏን አውቀዋለሁ፤ ክፈፉን የሠራላት እሱ ነው። ያልሠራላት ከተማው ነው።

ያቋረጡ ሴቶች አሉ፤ አልክድም። ያቋረጡ ወንዶችስ? የሱቅ ማስታወቂያ በእጃቸው እየጻፉና እየሣሉ ይኖሩ የነበሩ ስንት ወንዶች የባነር ማተሚያ ሲመጣ ብሩሻቸውን ሰቀሉ። «ወንድ አያዛልቅም» ብሎ ክፍል የከለከላቸው አልነበረም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅስ? በሼዶቹ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ላይ እንዲቀመጡ የተፈለጉት ወጣት ሴቶች ነበሩ። አግብተው ይሄዳሉና ሼዱ ይባክናል ያለ ባለሥልጣን አልሰማሁም። ለሌላ ሰው ሸሚዝ ስትሰፋ የማይባክን ቦታ ለራሷ ስትሥል የሚባክነው በምን ሒሳብ ነው?

ማዛለቅን ካነሣን ደግሞ ከበደች ተክለአብ አለች። ገና የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለች የአብዮቱ ዘመን አሰደዳት፤ ሶማሊያ ውስጥ ተይዛ አሥር ዓመት ገደማ በእስረኞች ካምፕ ቆየች። ከዚያ ወጥታ አሜሪካ ገባች፤ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተምራ ሠዓሊም ገጣሚም ሆና ዘለቀች። አሥር ዓመት እስር ያላስጣላትን ነገር ቀለበት ያስጥላል የሚል ሰው ስለ ሴት ልጅ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሠዓሊዋ ደስታ ሐጎስ ብቻዋን ዐውደ ርዕይ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ሆና። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ደሴ ላይ ሴት ትሥላለች ወይስ አትሥልም እያልን እንከራከራለን።

ወሎ ውስጥ ሴት ሠዓሊ ጥቂት የሆነችው ተሰጥዖ ጎድሏት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሴት ልጅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረችም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲከፍቱ ደግሞ በሩ ያለው ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነበር። ለአንዲት የደሴ ልጅ ያን መንገድ የሚፈቅድ አባት ስንት ነበር? አንድ ክፍል እዚሁ ከተማዋ ውስጥ ተገኘ ሲባል የተደሰትነው ለዚህ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ በኋላ ስለ ቅርስ ያልተናገረ ባለሥልጣን የለም። ከቁም ሣጥን ጀርባ አመድ እየለበሰ ስላለው ግን አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም።

ክፍሉ ይመለስ። የምንጠይቀው ስቱዲዮ በየቀበሌው አይደለም፤ የሚቆለፍ በር ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ሸራ ቆሞ የሚያድርበት።

ስብሰባው ካለፈ በአራተኛው ቀን ክፍሉ ወዳለበት ግቢ ሄጄ ነበር። ጥበቃው ደግ ሰው ናቸው፤ በመስኮት እንዳይ ፈቀዱልኝ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ስላሉት የጠዋቱ ብርሃን እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ይዘልቃል። ወለሉ ላይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የተጠቀለሉ የአምና ባነሮች ተከምረዋል።

«ለማን ተሰጠ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለማንም አልተሰጠም ልጄ» አሉኝ። «ዕቃ ማስቀመጫ ነው።»