የራስላስ ሸለቆ ከደሴ ሩቅ አይደለም

የምናብና የሳይንስ ልብ ወለዶች በውጭ አገር ጣቢያዎች ወደ ተከታታይ ድራማ በተለወጡ ቁጥር፣ ደሴም ውስጥ ቡና እየተጠጣ «ቀጥሎ የትኛው መጽሐፍ ይሠራ?» የሚል ክርክር ይነሣል። የሚጠሩት መጻሕፍት ዘንዶ የሚበርባቸው ወይም በሌላ ፕላኔት የሚፈጸሙ ናቸው። የእኔ ምርጫ ግን በ1759 እ.ኤ.አ. የታተመውና ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰን «ራስላስ» ነው፤ ሊሠራ የሚገባውም በእኛ ባለሙያዎች፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ስለ ነበር፣ የነገሥታት ልጆች በአንድ ስፍራ ተዘግቶባቸው ይኖሩ እንደ ነበር ያውቃል። ልዑሉን ራስላስን ያስቀመጠው «በአማራ መንግሥት»፣ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። የቀድሞው አማራ የሚባለው አገር በአብዛኛው የዛሬው ደቡብ ወሎ ሲሆን፣ ልዑላኑ በእውነት የተጋዙበትም አምባ በአምባሰል ያለው ግሸን ነው። እርግጥ እውነተኞቹ እስረኞች ከተራራው አናት ላይ ነበሩ፤ ጆንሰን ወደ ሸለቆ አውርዶ ሐይቅና ቤተ መንግሥት ጨመረላቸው።

«ይህ ምኑ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው?» የሚል ሰው ስድስተኛውን ምዕራፍ ያንብብ። በሸለቆው የሚኖር አንድ የእጅ ጥበብ አዋቂ የሌሊት ወፍን ክንፍ አርአያ አድርጎ መብረሪያ ሊሠራ፣ ከሸለቆው ማምለጥ ለሚፈልገው ለራስላስ ቃል ይገባል፤ ጥበቡ ግን ለሌላ ለማንም እንዳይገለጥ ይጠይቃል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ክፉዎች ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ደጎቹን ግንብም፣ ተራራም፣ ባሕርም አያስጥላቸውም ይላል። ይህ የተጻፈው ሰው በባሉን እንኳ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከ176 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የጦሳ ተራራ ከተማዋን አልከለላትም። ያንን ቀን ከአያቶቹ የሰማ የደሴ ተመልካች የዚያን ሰው ንግግር እንደ ተረት አያዳምጠውም፤ ዳይሬክተሩም እዚህ ትዕይንት ላይ መቸኮል የለበትም። አንድ ዓመት የተለፋባቸው ክንፎች ሠሪያቸውን ይዘው ሐይቅ ውስጥ መግባታቸውና፣ በአየር ላይ ያልረቡት በውኃ ላይ ተንሳፈው ነፍሱን ማትረፋቸው ደግሞ ለወሎ ጨዋታ የተመቸ ነው።

ራስላስ በኋላ ከሸለቆው ወጥቶ ግብፅ ሲደርስ የሚያገኘው፣ ካይሮ የሚኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ በበኩሉ ለአምስት ዓመት ዝናብንና ፀሐይን እያዘዘ እንደኖረ ያምናል፤ የሚያስጨንቀውም ለአንዱ አገር የሰጠው ለሌላው መጉደሉ ነው። እንግሊዛዊ አንባቢ እብደቱን ያያል፤ የ1966ን እና የ1977ን ድርቅ የሚያስታውስ ወሎዬ ግን ጭንቀቱንም ያያል።

መጽሐፉ ጉድለት አለው። ሰዎቹ ከሚሠሩት የሚናገሩት ይበዛል፤ ልዑሉም፣ እኅቱ ነካያም፣ ባለቅኔው ኢምላክም አንደበታቸው አንድ፣ እሱም የጆንሰን ነው። ስለዚህ የድራማው ጸሐፊ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አነጋገር መፍጠር ይኖርበታል። የግብፁ ክፍል ወጪው የሚከብድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሲዝን ተራራውን ሰርስረው በሚወጡበት ቀን ቢያበቃ ታሪኩ አይጎዳም። የክንፎቹን ትዕይንት ለመቅረጽ ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐይቅ ዳር መድረስ ይበቃል፤ እጁ የተፍታታ አናጺና ዋና የሚችል ተዋናይ ከተገኙ የቀረው የካሜራው ሥራ ነው።