ለክቡር «ሲስተም የለም»፦ አንዲት ሸክላን ይመለከታል

ቀን፦ እርስዎ በመጡ በአራተኛው ቀን
ለ፦ ክቡር አቶ ሲስተም የለም
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ምጣድ ስላልሆነ ምጣድ

ጤና ይስጥልኝ ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ መስኮት 4 ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንበሩ አንድ እግር የለውም ግን ተቻችለን ነው የምንቀመጠው፣ አንዱ ሊነሳ ሲል ለሌሎቹ ይናገራል።

መቼም እኔና እርስዎ እንግዳ አይደለንም። ባንክ ተገናኝተናል፣ ቀበሌ ተገናኝተናል፣ የውሃ ልከፍል ሄጄ ተገናኝተናል፣ መታወቂያ ላሳድስ ሦስት ቀን ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። አልተቀየምኩም። መብራት ሲሄድ እርስዎ ይመጣሉ፣ እርስዎ ሲሄዱ የመስኮቷ ልጅ ምሳ ትወጣለች፣ ለምደነዋል። የዚህ ሳምንቱ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝና ብዕር አነሳሁ።

እኔ ሸክላ እሰበስባለሁ። ሸክላ ስል የሚዞረውን፣ መርፌ የሚቀመጥበትን፣ የሚዘፍነውን ማለቴ ነው (ይቺን ማብራሪያ ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች)። በተለይ ትንሿን፣ በደቂቃ 45 የምትዞረውን፣ መሃሏ ሰፊ ቀዳዳ ያላትን። ሀገራችን ውስጥ በፈረንጅ ከ1969 እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 የሚጠጋ እንደሷ ያለ ሸክላ ወጣ፣ ከዛ ካሴት መጣና በቃ። የተረፈው በየሱቁ ጓዳ አቧራ ሲጠጣ ኖሮ ፈረንጅ በሻንጣ እየሞላ ወሰደው። ዛሬ የብዙነሽ በቀለን ኦሪጅናል ለሚፈልግ ሰው ከፒያሳ በርሊን ይቀርበዋል። ፒያሳ የቀረውማ ወይ እንደ ጎማ የተጣመመ ነው ወይ ደላላው «በዶላር ነው የሚሸጠው» ይልሃል።

ስድስት ዓመት የፈለግኳት አንዲት የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ አለች፣ አምሃ ሪከርድስ ያወጣት። ጀርመን ሀገር አንድ ሻጭ ጋ ተገኘች፣ 180 ዩሮ። እኔ ዩሮ ከየት አባቴ አመጣለሁ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ፣ ሸክላዋ መጀመሪያ እሷ ጋ ገባች፣ ከዛ እሷ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ፣ ያንን ሲጫኑት የሚፈነዳውን ፕላስቲክ ሦስት ዙር ጠቅልላባት «ተሰባሪ» ብላ በቀይ ጽፋ ላከችልኝ። ከመላኳ በፊት ፎቶ አንስታ ነበር። የወረቀት ሽፋኗ ላይ የድሮ ባለቤቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለጓደኛዬ ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ፈርሞባታል። ያንን ፊርማ አጉልቼ እያየሁ ያመሸሁበትን ቀን ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ጉምሩክ ደረሰች ተባልኩ፣ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን እርስዎ ነበሩ። በሁለተኛው ቀንም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ለሩብ ሰዓት ያህል ወጣ አሉና ሁላችንም በደስታ ተነሳን፣ ወንበሩ ወደቀ፣ እኔ ፊት ሁለት ሰው ሲቀር ተመለሱ። ጥበቃው «ገብቷል፣ ገብቷል» ሲል ስለ ዘመድ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

በአራተኛው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መስኮቷ ጋ ደረስኩ። ልጅቷን አልወቅስም፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ከርስዎ ጋር ውላ የምትገባው እሷ ናት። ካርቶኑን በካተር ሰነጠቀችው፣ እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሸክላ ነው የኔ እህት።»

ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገች። «ሸክላ… አዎ አለ። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ የአበባ ማስቀመጫ። የቱ ነው?»

«አይ፣ የሙዚቃ ነው።»

«የሙዚቃ የሚል ሲስተሙ ላይ የለም። ሲዲ ነው?»

«አይደለም።»

«ፍላሽ?»

«ኧረ አይደለም።»

ከፕላስቲኩ አወጣቻት፣ አገላበጠቻት፣ በቀዳዳዋ በኩል አየችኝ። «እንግዲህ ምጣድ ልበለው፣ ክብ ነው።» ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ቀዳዳውስ፣ ሊጡ አይፈስም?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። በአራት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው፣ በኔ።

«የተመረተበት ሀገር?» እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዝም ብዬ አንዱን ማለት ነበረብኝ፣ ግን ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ሲጠየቅ ዝም አይልም። ዘፈኑ አዲስ አበባ እንደተቀዳ፣ ከ1948 ጀምሮ (በፈረንጅ) ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በመንግሥት ለሀገር ፍቅር ማህበር ብቻ ተሰጥቶ እንደነበር፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይሄን ክልከላ ጥሶ በ1969 የራሱን ሸክላ አሳታሚ፣ አምሃ ሪከርድስን እንደከፈተ፣ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ሊባኖስ፣ ከዛ ግሪክ እንዳሳተመ፣ ከመቶ በላይ ሸክላ አውጥቶ ደርግ ሲመጣ ወደ አሜሪካ እንደተሰደደ ነገርኳት። በትዕግስት ሰማችኝ። «አንዱን ምረጥ ወንድሜ፣ ሁለት አይቀበልም።» ሕንድ አልኳት። የሕንድ ምጣድ።

ቀጥሎ የሸክላዋን መሃል አነበበች። «እዚህ አለማየሁ እሸቴ ይላል፣ ካርቶኑ ላይ ግን ላኪዋ ሴት ናት። አይመሳሰልም።»

«እሱ ዘፋኙ ነው።»

«ንብረቱ የሱ ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል።»

«አርፏል እኮ፣ በ2013።»

እውነቷን አዘነች፣ «ነፍስ ይማር» አለች። «እንግዲያው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት።»

ክቡርነትዎ፣ እኔ ይሄን አልፈጠርኩትም። ልጅቷ ወደ መስኮት 7፣ ወደ ኃላፊው ላከችኝ። ኃላፊው ስልክ ላይ ነበር። ሸክላዋን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛት፣ ወሬውን ቀጠለ፣ ሻይ መጣለት፣ ብርጭቆውን አንስቶ… ሽፋኗ ላይ አስቀመጠው። ሃምሳ ዓመት፣ ሕንድ፣ ፒያሳ፣ ጀርመን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድም ጠብታ ያልነካው ወረቀት። ብርጭቆውን ሲያነሳ «ለጓደኛዬ» የሚለው ላይ ክብ ቡናማ ምልክት ቀርቶበታል፣ ሰማያዊው ቀለም በሻዩ ዙሪያ እየተበተነ አየሁት። «ይቅርታ ወንድም፣ ዕቃ ማስቀመጫ መስሎኝ» አለ። ዕቃ ማስቀመጫ!

ከዛ ይዘቱን ጠየቀኝ። ዘፈን አልኩ። «ምን የሚል ዘፈን? ይዘቱ ሳይታወቅ አልፈርምም።» ማጫወቻ አላችሁ ወይ አልኩት። የለም። «እስቲ አንተ በለው፣ ታውቀው የለ?»

እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። መስኮት 7 ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አዜምኩ። አለማየሁን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የሱ ዘፈን ቆሞ በሹክሹክታ የሚባል አይደለም፣ ያ ሰው በጄምስ ብራውንና በኤልቪስ ጩኸት ያደገ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ፣ ጉሮሮውን ቀዶ የሚዘፍን ሰው ነው። ኃላፊው «ትንሽ ጮክ» አለኝ። ጮክ አልኩ፣ ድምፄ ተሰነጠቀ። አንዲት ልጅ ቪዲዮ ስትቀዳኝ አየሁ፣ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል፣ አዎ እኔ ነኝ። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ «አይ ልጄ፣ አበላሸኸው» ብለው ዱላቸውን ደገፍ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሳይሳሳቱ። ውቤ በረሃ ስንቴ ጨፍሬበታለሁ አሉ። እሳቸው የመጡት ልጃቸው የላከችላቸውን የስኳር መድኃኒት ሊወስዱ ነው፣ የሳቸውም አራተኛ ቀን ነው፣ መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል። ኃላፊው አጨበጨበላቸው። ከዛ «ጋሼ፣ ለርስዎ ነገ ይሻላል፣ መስኮት 4 ሲስተም ተቋርጧል» አላቸው።

አሁን አንቱታውን እዚህ ላይ ላቁም።

አንተ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ መስለኸኝ ነበር። አይደለህም። ግርማ በየነን ታውቀዋለህ? ከአለማየሁ ጋር ስማቸውን አጋጥመው «አለም ግርማ ባንድ» ያሉት፣ የስንቱን ዘፋኝ ሙዚቃ ያቀናበረው፣ ራሱ አራት ዘፈን ብቻ በሸክላ የተጫወተው። በ1981 (በፈረንጅ) ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፣ ስንት ዓመት ነዳጅ ማደያ ሰራ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲውን እያቆመ ቤንዚን የሚያስሞላው አበሻ ማን እንደሚቀዳለት ያወቀ ይመስልሃል? እዚህ የደርግ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው፣ ባንዶቹ ተበተኑ። ዘፋኙ አንዴ ተከፍሎት ሄደ፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410 የወጣው በ1996 ነው፣ ያኔ እነዚህ ሸክላዎች ሰላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው ወይ አልፏቸዋል። አብዛኛው ሸክላ ላይ የባንዱ ስም ካለ አለ፣ ሳክስ የሚነፋው ማነው፣ ከበሮው ማነው ብለህ ብትጠይቅ የሚመልስልህ የለም፣ የሚያውቁት በየተራ እየተቀበሩ ነው፣ አምሃም አለማየሁም በዚያው በ2013 ሄዱ። ሰብስቦ በተራ ቁጥር «ኢትዮጲክስ» ብሎ ያወጣልን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ ግርማ በየነ የራሱን ቁጥር፣ 30ኛውን፣ ያገኘው በ2017 (በፈረንጅ) ከፓሪስ ልጆች ጋር ነው። ለነሱ እጅ እነሳለሁ። ግን እኛ የት ነበርን? መስኮት 4። አንተ ጋ። የራሳችንን ድምፅ በዩሮ ገዝተን፣ ከውጪ የመጣ ዕቃ ነው ተብሎ ቀረጥ ከፍለንበት፣ ቫት 15 ከመቶ ከፍለንበት፣ ሻይ ተቀምጦበት።

እንግዲህ ይህን ካልኩ ወደ አክብሮቴ ልመለስ፣ ሰኞ ፓስፖርት ላሳድስ ነውና ልንገናኝ እንችላለን።

በመጨረሻ ተለቀቀችልኝ። የከፈልኩትን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነባለች። ደረሰኙ ላይ «ምጣድ፣ ትንሽ፣ ያገለገለ፣ ሕንድ፣ 1 ፍሬ» ይላል፣ ማህተም አለው። ቤት ወስጄ በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኳት፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ቆሎ እንደሚቆላ ይንተከተካል፣ ከዛ ከበሮው ይገባል፣ ከዛ እሱ። ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ «ማነው የሚጮኸው?» አለች። ከዛ ጀርባዋን ገለበጥኩ፣ ካተሩ የነካት በዚያ በኩል ኖሯል፣ በየዙሩ «ጧ» ትላለች።

ደረሰኙን ሽፋኗ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ጀርመን ሲገዛት ያገኘዋል፣ የሀበሻ ምጣድ ጥናት ይጻፍበት።

ከማይቋረጥ ሰላምታ ጋር፣
ተራ ቁጥር 143

ግልባጭ፦
ለመስኮት 4
ለመስኮት 7 (ከብርጭቆ ማስቀመጫ ጋር፣ ሁለት ፍሬ ገዝቻለሁ፣ አባሪ ተደርጓል)
መድኃኒታቸውን እስከ ዛሬ ላልወሰዱት አባት፣ ዘፈኑ ደርሷል፣ ሊሰሙት ከፈለጉ ቤቴ ክፍት ነው