ሎኬሽኑ ይለቀቅ ወይስ ይያዝ?

ጥያቄው አጭር ነው። ራቅ ባለ የገጠር አካባቢ ስትዘዋወሩ ብዙ ሰው የማያውቀው ዋሻ፣ ፍል ውሃ ወይም ለየት ያለ የድንጋይ ቅርጽ አገኛችሁ እንበል። ፎቶ አነሳችሁ። ፎቶውን ስትለጥፉ ትክክለኛ ቦታውን ትናገራላችሁ ወይስ ለራሳችሁ ትይዙታላችሁ? ሁለቱም ተከራካሪዎች እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በእግራቸው ሲያስሱ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። እሱ ይለቀቅ ይላል፣ እሷ ይያዝ ትላለች። ስማቸውን ትተን በአቋማቸው ጠርተናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይለቀቅ፦

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ሰው ፎቶውን ይለጥፋል። «የት ነው?» ሲባል «እሱን እንኳ አልናገርም» ይላል። ታዲያ ለምን ለጠፍከው? አሳይቶ መደበቅ ጉራ እንጂ ጥበቃ አይመስለኝም።

ቦታ የሚጠፋው ስለታወቀ ብቻ አይደለም። ባለመታወቁም ይጠፋል። አንድ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ጥግ ይዤ ስሄድ፣ ግድግዳው በሙሉ በባህር ዛጎል ቅሪተ አካል የተሞላ ስፍራ ላይ ደረስኩ። በጣት ሲዳስሱት የዛጎሉ ሽንትር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ባህሩ ከዚያ የስንት ቀን መንገድ ነው! በቀጣዩ ዓመት ስመለስ የኮረብታው ግማሽ የለም። ለመንገድ ጠጠር ተፈጭቷል። የፈጨው ክፉ ሰው አይደለም። ጠጠር ፈለገ፣ ጠጠር ያለበት ሄደ፣ በቃ። «ኧረ ይሄ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነው» የሚለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እኔም ፎቶውን ስልኬ ውስጥ ይዤ ዝም ብዬ ነበር። ለካ ማንም ያላየው ነገር ሲጠፋ ማንም አይጮህም።

ደግሞም እነዚህ ቦታዎች የሚያምሩ ብቻ አይደሉም፤ ያስተምራሉ። በ1788 ስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ጄምስ ሃተን ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በጀልባ ሲካር ፖይንት ወደሚባል የባህር ዳር ቋጥኝ ሄደ። እታች ያለው ግራጫ ድንጋይ መደርደሪያ ላይ እንደተሰደሩ መጻሕፍት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በላዩ ላይ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ጋደም ብሏል። የታችኛው መጀመሪያ ባህር ወለል ላይ ተነጠፈ፣ ተጣጥፎ ቆመ፣ ተሸረሸረ፤ ቀዩ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል 65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያህል ክፍተት እንዳለ ዛሬ እናውቃለን። ሃተን ግን በዓይኑ ብቻ አይቶ የምድር ዕድሜ ከሚታሰበው እጅግ የራቀ መሆኑን ተረዳ። አይቶ ዝም ቢል ኖሮስ?

ይያዝ፦

ወንድሜ፣ ኮረብታህ አሳዝኖኛል። አሁን የእኔን ልንገርህ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ዋሻ ገባሁ። አፉ ጠባብ ነው፤ በደረት ተስቦ ነው የሚገባው። ከውስጥ ግን ጣራው ላይ ቀጫጭን ነጭ ቱቦዎች ተንጠልጥለዋል። ውፍረታቸው የእስክሪብቶ ቀፎ ያህል ነው፣ ውስጣቸው ክፍት። በእያንዳንዱ ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ አለች። ባትሪዬን ሳበራ ጠብታው ሁሉ አንድ ላይ ቦግ አለ። የዝናብ ውሃ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሲወርድ፣ እግረ መንገዱን ኖራውን ያሟሟል። ዋሻው ውስጥ ሲደርስ ጋዙ ይወጣና ኖራው በጠብታዋ ዙሪያ ይቀራል። ቀለበት በቀለበት እየተደራረበ ቱቦ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አያድግም።

ለጠፍኩት። ከነሎኬሽኑ። «ይህን ሳታዩ እንዳትሞቱ» ብዬ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለስኩ። እጅ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ተመልምሏል። ጣራው ላይ የቀረው ጉጡ ብቻ ነው። ስብርባሪው ተረግጦ ዱቄት ሆኗል። ግድግዳው ላይ የፍቅረኛሞች ስም በከሰል ተጽፏል። ጥግ ላይ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተጥሏል። የተረፉት ከፍ ብለው የተንጠለጠሉት ናቸው፤ እሱም ስላልተደረሰባቸው እንጂ ስለታዘነላቸው አይደለም። ማን ሰበረው? አንድ ሰው አይደለም። ሁሉም «አንዷን ብወስድ ምን አላት» ብሎ ነው የሄደው።

ይህ የእኔ ዋሻ ብቻ ዕጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሞርኒንግ ግሎሪ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ድሮ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ጎብኚዎች ሳንቲምና ቆሻሻ እየወረወሩ ሙቀት የሚመጣበትን ቀዳዳ ደፈኑት። ውሃው በረድ ሲል፣ ጠርዙ ላይ የነበሩት ቢጫና ብርቱካናማ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ መሃል ገቡ። ቀለሙ ተለወጠ። ሳንቲም የወረወረው ሰው እኮ መልካም ምኞት ነበር የተመኘው!

የሌሊት ወፎችንም አስብ። በ2006 በኒው ዮርክ ግዛት ዋሻ ውስጥ አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያወጣ በሽታ ታየ። ከክረምት እንቅልፋቸው ያለጊዜው ይቀሰቅሳቸዋል፣ ያከማቹት ስብ ያልቃል፣ ይሞታሉ። በሰሜን አሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አልቀዋል። በሽታውን በዋናነት የሚያዛምቱት ራሳቸው ወፎቹ ናቸው። ግን ሻጋታው በሰው ጫማና ልብስም ከዋሻ ዋሻ ይሄዳል። እኔ የለጠፍኩትን አይቶ የሚመጣው ሰው ጫማውን ከየት አምጥቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ይለቀቅ፦

እህቴ፣ ሁለታችንም የምንከራከረው ከጸጸታችን ተነስተን ነው መሰለኝ። እኔ ደብቄ አጣሁ፣ አንቺ ነግረሽ አጣሽ።

ግን ልብ በይ። ዋሻሽን የሰበረው ሎኬሽኑ አይደለም። በሩ ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። ቬትናም ውስጥ ሶን ዱንግ የሚባል ዋሻ አለ። ከሚታወቁት ሁሉ በስፋቱ አቻ የለውም፤ ጣራው በተደረመሰበት በኩል ፀሐይ ገብቶ ውስጡ ጫካ በቅሏል። ያገኘው ሳይንቲስት አይደለም። ሆ ካን የሚባል የአካባቢው ሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጫካ ውስጥ ከዝናብ ሲሸሽ አፉ ላይ ደረሰ። ከውስጥ የነፋስና የውሃ ድምፅ ሲያገሳ ሰማና ሳይገባ ተመለሰ። ከዚያ መንገዱ ጠፋበት። እንደገና ያገኘው በ2008 ነው። በ2009 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎችን መርቶ ወሰዳቸው።

ዛሬ ያ ቦታ ካርታ ላይ አለ። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ማንም ዘው ብሎ አይገባም። በዓመት የሚገባው ሰው ቁጥር የተገደበ ነው፣ ያውም ከመሪ ጋር። ድሮ በአደንና በእንጨት ቆረጣ ይኖሩ ከነበሩት የአካባቢው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ የጎብኚ ዕቃ ተሸክመው ይሠራሉ። ጫካውንም የሚጠብቁት እንጀራቸው ስለሆነ ነው። ቦታው ተደብቆ ቢቀርስ? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተፈጥሮ ራሷም ትሰብራለች። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ውስጥ የሽማግሌ ፊት የሚመስል ቋጥኝ ነበር፤ በኬብልና በማጣበቂያ ደግፈውት እንኳ ሜይ 3 ቀን 2003 ሲነጋ የለም። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ በየክረምቱ በረዶ እየሆነና እየቀለጠ ነው የጣለው። በማልታ ጎዞ ደሴት የነበረውን የድንጋይ መስኮት ደግሞ በ2017 ማዕበል ወሰደው። ሳይወድቅ ያየው ዕድለኛ ነው።

ይያዝ፦

«የሚሞት ነው» ብለህ አትገድለውም እኮ!

የሶን ዱንግን ምሳሌ በማምጣትህ ግን አመሰግናለሁ፤ የመሰከረው ለእኔ ነው። ዓመቶቹን ደግመህ ቁጠራቸው። በ2008 ተገኘ፣ በ2009 ተጠና፣ ለጎብኚ የተከፈተው በ2013 ነው። መጀመሪያ ለካው፣ መግቢያና መውጫውን ለዩ፣ ሰው አሠለጠኑ። እንግዳ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ የያዘ መንገደኛ ያንን አራት ዓመት በአንድ ክሊክ ይዘላል። ሰበራው ይቀድማል፣ ጥበቃው ይከተላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ታዲያ ምን ሆነና!

ጭራሽ የማይከፈትም አለ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ ሌቹጊያ የሚባል ዋሻ በ1986 ቆፋሪዎች ፍርስራሹን አልፈው ሲገቡ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ እንደ ብርጭቆ በሚሰበሩ ክሪስታሎች የተሞላ ነው። ለሕዝብ ዝግ ነው፤ የሚገቡት አጥኚዎችና ፈቃድ ያላቸው አሳሾች ብቻ ናቸው። ፎቶው ግን በዓለም ዞሯል። አየህ፣ አሳይቶ መደበቅ ሁልጊዜ ጉራ አይደለም።

ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው፤ እስካሁን ማናችንም አላነሳነውም። ካርታ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ወቅት አትናገርም። ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ገብተህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የዘነበ ዝናብ ግድግዳውን ሞልቶ ሊመጣብህ ይችላል። የፍል ውሃ ዳር ጠንካራ መሬት ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ስስ ቅርፊት ነው። አንዳንድ ጉድጓድ ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና አይልም። የአካባቢው ሰው ይህን ያውቃል። ከብቱን በዚያ በኩል የማያሳልፈው በምክንያት ነው። መንገደኛው ቦታውን ጠይቆ እንዲደርስበት ከተገደደ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የሚደርሰው። ነጥቡን ተከትሎ ሲመጣ ግን የሚያናግረው ሰው እንኳ የለም።

ይለቀቅ፦

ይቺኛዋ ነካችኝ። አልዋሽም።

ቢሆንም መደበቁ አያዛልቅም። ከኋላ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት ፎቶ ጋር አመሳክሮ ቦታውን በአንድ ምሽት የሚያገኝ ሰው ሞልቷል። አንቺ ባትነግሪውም ይደርስበታል። ያኔ ነጥቧ ብቻዋን ትወጣለች፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። እኔ ብናገር ቢያንስ «በዝናብ ወቅት አትግቡ፣ ጣራውን አትንኩ፣ መጀመሪያ እዚያ መንደር ጎራ በሉ» ብዬ እጽፋለሁ።

ይያዝ፦

ትጽፋለህ። የሚያነበው ግን ነጥቧን ነው።

ለማንኛውም «ማንም እንዳያይ» አላልኩም። ለጥናት የሚፈልገው ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። የእኔ ዋሻ ያለበትን አካባቢ ነዋሪዎችም አናግሬያለሁ፤ መግቢያው ላይ ሰው እስኪቆም ሳይሰበር የቀረው የዋሻው የላይኛው ክፍል እንዳይነገርባቸው ይፈልጋሉ። ዋሻው የእነሱ ደጅ ነው፣ የእኔ ወይም የአንተ አይደለም።

ይለቀቅ፦

እሺ፣ እኔንስ ትወስጂኛለሽ?

ይያዝ፦

አሁን ወንዙ ሞልቷል። ሲጎድል ደውልልኝ። ጫማህን አጥበህ፣ ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ትመጣለህ።

ይለቀቅ፦

እመጣለሁ። ፎቶ ግን አነሳለሁ።