አምባሳደሩ ዝም ማለት ይችል ነበር

ስፖርተኛ ፖለቲካ ሲነካካ «አርፎ ኳሱን አይጫወትም?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የካሪቢያኗ ደሴት የትሪኒዳድ ክሪኬተኛ (ክሪኬት ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው) ሊሪ ኮንስታንታይን ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። አያቱ ባሪያ ነበሩ። አባቱ የካካዎ እርሻ አለቃ ሆነው ሠርተዋል፤ ክሪኬትም ተጫውተዋል። እሱ ራሱ በጠበቆች ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ግን በዚያ ዘመን በቅኝ ግዛቷ ደሴት አንድ ጥቁር ጸሐፊ ጠበቃ የመሆን ዕድሉ የመነመነ ነበር። ስለዚህ በክሪኬቱ ገፋበት።

እንዴት እንደገፋበት አንድ ጨዋታ ይበቃል። በ1928 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን (ዌስት ኢንዲስ) የእንግሊዙን ሚድልሴክስ ሲገጥም መጀመሪያ 86 ነጥብ አስቆጠረ። ቀጥሎ ኳስ እየወረወረ 7 ተጫዋቾች አስወጣ። በመጨረሻ 103 ጨመረበት። በዓመቱ ኔልሰን የተባለች የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ አስፈረመችው። እዚያ በቆየባቸው 9 ዓመታት ክለቡ 7 ጊዜ ዋንጫ በላ። በ1932 ጸሐፊው ሲ.ኤል.አር. ጄምስ ከትሪኒዳድ መጥቶ ቤቱ አረፈ። ይህ ጄምስ ኋላ በ1935 ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። በዚያ ቤት ምን ምን እንደተወራ ባውቅ ደስ ባለኝ!

በ1943 ለጨዋታ ወደ ለንደን ሲሄድ ለራሱና ለቤተሰቡ ለአራት ሌሊት ሆቴል ያዘ። ሲደርሱ «ከአንድ ሌሊት በላይ አትቆዩም» ተባለ። ምክንያቱም ነጭ አሜሪካውያን እንግዶች ቅር ይላቸዋል ነው። ያኔ ዘረኝነትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። እሱ ግን የእንግዳ ማረፊያ መንገደኛን ያለ በቂ ምክንያት አይመልስም በሚለው ጥንታዊ ሕግ ከሰሰና አሸነፈ። የተፈረደለት ካሳ 5 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ብቻ። በገንዘብ ደረጃ ኢምንት ናት፤ ግን ሆቴሉ ጥፋተኛ መባሉ በአደባባይ ተነገረ።

የጥብቅና ፈቃዱን ያገኘው ከ50 ዓመቱ በኋላ፣ በ1954 ነው። አገሩ ገብቶ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከኤሪክ ዊሊያምስ ጋር ፓርቲ መሠረተ፤ ተመረጠ፤ ሚኒስትር ሆነ። ቀጥሎ የነጻዋ ትሪኒዳድ አምባሳደር ሆኖ ለንደን ተመለሰ። በ1969 ደግሞ ሎርድ ተባለ፤ በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ብዙዎች የሚያነሱለት ይህንን ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ብሪስቶል ነው። በ1963 የከተማዋ አውቶቡስ ድርጅት ጥቁርና እስያዊ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ አልቀጥርም አለ፤ ነዋሪዎችም አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው አደሙ። ዲፕሎማት በሰው አገር የውስጥ ጉዳይ እጁን አያስገባም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ኮንስታንታይን ግን አስገባ። ብሪስቶል ድረስ ሄዶ ከከንቲባው ጋር ተነጋገረ፤ የሠራተኛ ማኅበሩን መሪም አነጋገረ። ድርጅቱ ነሐሴ ላይ እጁን ሰጠ። የገዛ መንግሥቱ ግን «ሳታማክረን» ብሎ ቅር ተሰኘበት፤ በ1964 ከሹመቱ ለቀቀ።

በ1965 እንግሊዝ የመጀመሪያውን የዘር መድልዎ ሕግ አወጣች። ሆቴልና ምግብ ቤት ተካተቱ፤ ቅጥር ግን አልተካተተም። የብሪስቶሎቹ ዓይነት ሾፌሮች በቅጥር የሕግ ከለላ እስኪያገኙ እስከ 1968 ጠበቁ።