ሥራው ቤት ገባ፣ ሻንጣው ግን ያው 23 ኪሎ ነው

ከሲልቨር ስፕሪንግ ታይሰንስ ድረስ ጠዋት በቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ መንዳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ርቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን አንድ ሰው ድልድዩ ላይ መኪናው ከተበላሸበት በቃ፣ ቡናህን ጨርሰህ፣ ሬዲዮውም ሰልችቶህ እዚያው ነህ። እኔ ይህን መንገድ አራት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። በ2020 ማርች ላይ ኮሮና መጣና «ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ» ስንባል የሁለት ሳምንት ነገር መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ጣሳ በሶ ትቼ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም፣ በሶው ምን እንደሆነም አላውቅም።

ሥራዬ ኪውኤ ነው። ሌላው የጻፈውን ሶፍትዌር እየነካኩ የት ጋ እንደሚበላሽ መፈለግ። እኛ አካባቢ ያለ ሐበሻ ወይ ተምሮታል፣ ወይ ሊማር ተመዝግቦ ትቶታል። ከቤት መሥራቱን አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ። ሽሮዬን ምድጃ ላይ ጥጄ ስብሰባ እገባለሁ። ግን ለጎረቤቴ ስለዚህ ነፃነት ሳወራላት አንድ ቀን ቆርጣ አስቀረችኝ። ሆም ኬር ነው የምትሠራው፣ አዛውንት በየቤታቸው መንከባከብ። «አንተ ምን አለብህ፣ እኔ ሽማግሌ በዙም አላጥብ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድረው ወገናችን ኮሮናም እያለ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ መሥራት አልቻለም። እሷም በእርግጥ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ የሰው ቤት።

እንግዲህ ባለፈው ለገና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሥራው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ይዤ አገሬ ብገባስ? ቀን ከእናቴ ጋር፣ ማታ ሥራ ላይ። አለቃዬ ወዲያው እሺ አለ። የሰው ኃይል ክፍል ግን ታክስ አለ፣ የመረጃ ደኅንነት አለ፣ ብሎ ብዙ ካጠና በኋላ ሦስት ሳምንት ፈቀደልኝ። ለካ «ከየትም ቦታ መሥራት ይቻላል» ሲሉን፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ የትም ቦታ ማለታቸው ኖሯል።

ከዚያ ትኬት። የገና ሰሞን ዋጋ መቼም አይነሳ። ትንሽ ለማትረፍ ብዬ በአውሮፓ በኩል የሚዞር ገዛሁ፤ የማን እንደሆነ ይቅር። ከዋሽንግተኑ ደላስ ኤርፖርት በሰዓታችን ተነሳን። ሁለተኛው በረራ ላይ ግን መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይዘገያል አሉን፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ ጭራሽ ጠፋ። ቆንጆ ድንች የምታህል ሳንድዊች የምትገዛ ኩፖን ሰጡን። አንድ ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ተኛ፣ እናቱም ነጠላዋን አልብሳው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ለአለቃዬ «በረራዬ ዘግይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይዞህ፣ ላፕቶፑ እጅህ ላይ አይደል? የሁለት ሰዓቱን ስብሰባ ከዚያው ግባ።»

ድሮ ኤርፖርት ላይ የቀረ ሰው ቀረ ነው፣ ማንም አይፈልገውም። አሁን ሥራው ከቢሮ ሲወጣ ሰበቡንም አብሮ ይዞት ወጣ። መሰኪያ ፍለጋ ዞርኩ። የኔ ቻርጀር ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው፣ የእነሱ ግድግዳ ክብ ቀዳዳ። መቀየሪያዋ ያለችው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ሻንጣው ያለው እግዜር ይወቅ የት። ከአንድ ናይጄሪያዊ ለምኜ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ተሰበሰብኩ።

ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ስደውልለት ሳቀብኝ። «ካሳህን ጠይቅ እንጂ!» አለ። አውሮፓ ውስጥ ከ2004 የወጣ ቁጥር 261 የሚባል ደንብ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ተነስቶ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ብዙ ሰዓት ከዘገየ ለተሳፋሪው እስከ 600 ዩሮ ይከፈለዋል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ በረራው ከተሰረዘና ካልሄድክ ገንዘብህ ይመለሳል፣ ለባከነው ቀንህ ግን የሚከፍል የለም። ቅጹን ሞላሁ። እስከ አሁን «ጉዳይዎን እያየነው ነው» እያሉኝ ነው። ኩፖኑን ሲሰጡን ስለ ካሳው ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ሳንድዊቹን በልቶ አመስግኖ ይሄዳል።

ቦሌ ደረስኩ፣ ሻንጣው ከሁለት ቀን በኋላ ደረሰ።

አሁን ሥራው። በጥር ወር የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው። የእነሱ ጠዋት 9 በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤቱ ከሥራ ሲገባ እኔ ሥራ እገባለሁ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እወጣለሁ። እናቴ ይህን ልቀበል አላለችም። ቀን ቡና ላይ ቁጭ ብዬ ስታየኝ ተባረረ ብላ ጠረጠረች። ማታ በሩን ዘግቼ ብቻዬን በእንግሊዝኛ ስለፈልፍ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠረች። በስብሰባ መሀል በሩን ገፋ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ አልበላህም እኮ» ብላ ፍርፍር ታስገባለች። መብራት ሲሄድ በስልኬ ዳታ እቀጥላለሁ፣ ዳታው ሲንቀራፈፍ ቦሌ ካፌ እሮጣለሁ። የከተራ ዕለት ታቦት አጅበው የሚያልፉ ሰዎች እልልታ በማይኩ ገባና አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ሰርግ ላይ ነህ እንዴ?» አለኝ። ስልኬን በመስኮት አውጥቼ አሳየኋቸው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ስለ ሥራ አላወራም።

የወንድሜ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ የምሠራውን ያያል። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሷል፣ እውነቱን ለመናገር ከኔ ይሻላል። አንድ ማታ እኔ ሁለት ሰዓት የለፋሁበትን ስህተት «አጎቴ፣ እሷ ጋ አይደለችም?» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። የሥራ ማስታወቂያዎቹን አብረን አየን። «ከቤት የሚሠራ» ይላል፣ ሲወርዱ ደግሞ «አሜሪካ ነዋሪ ለሆነ ብቻ» ይላል። እሱ ሳቅ ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም አፈርኩ። አንድ ሳሎን፣ አንድ ዋይፋይ፣ አንድ ሥራ፤ ለእኔ የሚከፈለኝ ወረቀቴ እዚያ ስለሆነ ነው።

እናቴም የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጠየቀችኝ። «ሥራው እዚህ ሆነህ ከተሠራ ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» ስለ ታክሱ፣ ስለ ፈቃዱ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እህ» አለች።

ከመሄዴ በፊት ባለው ማታ ሻንጣ ልንመዝን ተሰበሰብን። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮሰረቱ፣ የጎረቤት አደራ። ቋንጣውን በጭቅጭቅ አስቀረሁት፣ ሥጋ አሜሪካ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። አዲስ አበባ ላይ ክብደት ቀልድ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑም ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ጨምሮ ለመነሳት ይከብደዋል። ባለፈው ጊዜ በቀጥታ መጥቼ ስመለስ ደብሊን ላይ ነዳጅ ልንሞላ ያረፍነው ለዚህ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ አንተም ቀነስ አድርግ» አለች።

ሚዛኑ 28 አለ። አምስቱ ኪሎ ልብስ መሀል ጠቅልዬ ያመጣሁት የሥራዬ ስክሪን ነው። እናቴ ሽሮውን አላየችም፣ በርበሬውን አልነካችም። «ይሄን ቴሌቪዥንህን እዚህ ተወው፣ ስትመጣ ትሠራበታለህ» አለች።

ተውኩት። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንደዋወል አየሁት። ሳሎን ውስጥ፣ ከሬዲዮው ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።